ባዶውን የማይመለስ ጣሳ

ከረሜላ አልበላም። ሰው ቤት ሄጄ በሰሃን ሲቀርብልኝ እጄን ስሰበስብ «ስኳር አለብሽ እንዴ?» ይሉኛል። «የለብኝም» እላለሁ። «ታዲያ ምን ሆንሽ?» ይላሉ፤ የድሬ ሰው መቼም ካልነገሩት አይለቅም። የእኔ ትዕግሥት ደግሞ አጭር ነው። «አቦ ተዉኝ፣ አልበላም አልኩ እኮ!» ብዬ ወሬውን እቆርጠዋለሁ። ለአንዲት ከረሜላ ይህን ሁሉ ታሪክ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማኛል? ዛሬ ግን ልናገረው፣ ይውጣልኝ።

እናቴ ዳሃቦ ትባላለች። እኛ ሶማሌዎች እናትን «ሆዮ» እንላለን፤ እናትም ልጇን መልሳ «ሆዮ» ነው የምትለው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሆዮ፣ ሆዮ ሲባል ይዋላል። አባቴን አላስታውሰውም፤ እኔ መራመድ ሳልጀምር ነው የሞተው። የቀረነው ሆዮ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ገዲና እኔ፣ ዩሩብ፣ ነበርን። ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብዙም ሳንርቅ፣ ከእትዬ የኔነሽና ከባለቤቷ ከጋሽ ገብረወልድ ጋር በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። እነሱ ከደጋ የመጡ ክርስቲያኖች ናቸው። ጋሽ ገብረወልድ ባቡር ላይ ነው የሚሠራው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲል ሳምንቱ ያልቃል። ትልቅ ሰውን «ገባ፣ ወጣ» እያልኩ ስናገር ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይገርመዋል። ምን ላድርግ፣ ድሬ አንቱታ ብዙም አታውቅም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በካርድ ነበር የሚታደለው፣ እሱም ሲመጣ። ስኳር ሲጠፋ ከተማው ሁሉ የሱቅ ከረሜላ አፉ ውስጥ አድርጎ ሻዩን በላዩ ላይ ፉት ይላል። እኛ ቤት የተገላቢጦሽ ነበር። ሻዩን መራራውን እንጠጣና ስኳሩን ለከረሜላ እናስቀምጠዋለን።

ሆዮ ከረሜላ የምትሠራው የዐስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ፣ ፀሐይዋ ከግቢያችን ስትሸሽ ነው። ስኳሩን በብረት ድስት ከሰል ላይ በቀስታ ታቀልጠዋለች። ቀለሙ ወደ ማር ሲጠጋ ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ ሄል ትነሰንስበታለች፤ ከዚያ የተቆላ ሰሊጥ ትገለብጥበታለች። መድረሱን የምታውቀው በጠብታ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጠብ ታደርግና አውጥታ ትነክሰዋለች። ቀጭ ካለ ደርሷል፤ ጥርስ ላይ ከተጣበቀ ገና ነው። ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ታፈሰዋለች፣ በጠርሙስ ትዳምጠዋለች፣ ሳይቀዘቅዝ በቢላ ትቆርጠዋለች። ስትቆርጥ ማንም አያናግራትም።

ቀጥ ብለው የተቆረጡት የሚሄዱበት አላቸው። ለዒድ ለጎረቤት፣ ለወለደች፣ ለታመመ። የእኔ ድርሻ ከትሪው ዳር ዳር የሚሰባበረው ጠርዝ ነበር። «ጠርዙም ያው ከረሜላ ነው» ትለኛለች። ያው አልነበረም። ሙሉ ቁራጭ በሁለት እጅ ይዞ ከአንዱ ጫፍ መንከስና ስብርባሪ ከመዳፍ መላስ እንዴት ያው ይሆናል? አንድም ቀን በዚህ ነገር አልተስማማንም።

በግቢያችን አንድ ሕግ ነበር፤ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። የሆዮ ሰሃን ከረሜላ ይዞ እትዬ የኔነሽ ጋ ከሄደ ዳቦ ይዞ ይመለሳል። የእነሱ ሰሃን ዳቦ ይዞ ከመጣ ሳምቡሳ ይዞ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ምንም ከሌለ አንድ ሎሚ፣ እሱም ከሌለ ቁንጥር ጨው ይደረግበታል። እኔ ሳልወለድ፣ ገዲ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ አንዴ የእትዬ የኔነሽን ሰሃን ባዶውን መልሶ ነበር አሉ። ሆዮ በዚያ በቀትር ፀሐይ ጆሮውን ይዛ መልሳ ላከችው፣ ሦስት ሎሚ አሸክማ። «ባዶ ዕቃ የሚመልስ ሞት የገባበት ቤት ብቻ ነው» አለችው። «እኛ ቤት ማን ሞተ?» እትዬ የኔነሽ ይህን እየሳቀች መቶ ጊዜ ነግራኛለች። ገዲ ከዚያ ወዲህ የሰው ዕቃ ባዶውን ይዞ አያውቅም።

ገዲ አሥራ ስምንት ሲሞላው አፈሳው መጣ። ለብሔራዊ ውትድርና እየተባለ ወጣቱ ከመንገድ ይለቀም ጀመር። አንድ ቀን ከኳስ ሜዳ ሦስት ጓደኞቹን ጭነው ሄዱ። እሱ በአጥር ዘሎ አመለጠ። በማግስቱ ጠዋት የምትነቃነቅ የፊት ጥርሴን በክር አስሮ ነቀለልኝና «ሌላዋ እስክትወልቅ እመጣለሁ» አለኝ። ከዚያ ከጋሽ ገብረወልድ ጋር ወጣ። በጓዝ መካከል ሸሽጎ ጅቡቲ እንዳደረሰው የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሆዮ ለቀበሌው «ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ አጎቱ ጋ ፍየል ይጠብቃል» አለች። እኔንም እንደዚያው በይ አለችኝ፤ አልኩ።

ሌላዋ ጥርሴ ወለቀች። እሱ አልመጣም።

ሆዮ ደብዳቤ ልትልክለት ፈለገች። ጋሽ ገብረወልድ እጁን አወናጨፈ። «ወረቀት አልይዝም ዳሃቦ። በየጣቢያው ፍተሻ ነው። ከረሜላ ቢያገኙ ከረሜላውን ይበሉታል፤ ወረቀት ቢያገኙ እኔን ይበሉኛል!» አላት። እሷም ወረቀቱን ትታ ከረሜላውን ያዘች። ላም የተሳለበት ሰማያዊ የወተት ዱቄት ጣሳ ነበረን፤ ቀጥ ቀጥ ያሉትን ቁራጮች እየደረደረች ሞላችው። ጋሽ ገብረወልድ ጅቡቲ ጣቢያ በር ላይ ሻይ ለምትሸጥ ሃዎ ለምትባል ሴት ይሰጣታል፤ ገዲ ከእሷ ይወስዳል። በሚቀጥለው ጉዞ ሃዎ ጣሳውን ትመልሳለች። ቃል አይነጋገሩም። በዚያ ጊዜ ጣቢያ ላይ ግድግዳውም ጆሮ ነበረው።

ጣሳው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመለስ ቴምር ነበረበት። ሆዮ ቴምሩን ጭኗ ላይ ዘርግፋ አለቀሰች፤ አንዷንም ሳትበላ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። በሁለተኛው ሽታው ግቢውን የሞላ ሳሙና መጣ። በሦስተኛው የባሕር ዛጎል። ዛጎሉን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትሰማ፣ ገዲ ከውስጡ የሚያወራት ይመስላት እንደሆነ ብዬ እኔም ተራዬን ጠብቄ ሰማሁ። ሹ... ከማለት ሌላ ነገር የለውም። ለእሷ ግን ይበቃት ነበር። በጣሳው ውስጥ የሆነ ነገር ካለ ልጇ አለ ማለት ነው። ደብዳቤያቸው ይኸው ነበር።

እኔ ግን እቀና ነበር። ለምን ልዋሽ? ስኳሩ ለእሱ፣ ሰሊጡ ለእሱ፣ ቀጥ ቀጥ ያለው ሁሉ ለእሱ። የጣሳው ክዳን ሲከደን እያየሁ ጣቴን እልሳለሁ።

አንድ ጠዋት ሆዮ ለስኳር ተሰልፋ ሳለ ጋሽ ገብረወልድ እየሮጠ መጣ። ባቡሩ ከጅቡቲ ደርሶ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ሊያልፍ ነው። ጣሳውን እጄ ላይ አስቀመጠና «ለእናትሽ ስጪ፣ እንዳትጥዪው» ብሎ ተመልሶ ሮጠ። ነቀነቅሁት። ተንኳኳ። ክዳኑን በማንኪያ ጫፍ ፈለቀቅሁት።

ሰባት የፈረንጅ ከረሜላ። ወርቃማ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ወረቀት የለበሱ፣ ሁለት ጫፋቸው የተጠመዘዘ። ሙሉ ነበሩ፤ ጠርዝ የሚባል ነገር የለባቸውም። ጣሳውን ይዤ ወደ ደቻቱ ወረድሁ። መጀመሪያ አንዷን ብቻ ልቀምስ ነበር። ስድስት ሲሆኑ ማንም አያውቅም ብዬ። ከዚያ አምስት ሆኑ፣ እንደገና አራት። ሦስት ከረሜላ ደግሞ ለማን ይበቃል? ሰባቱንም በላኋቸው፤ ወረቀታቸውን አንድ የግራር ሥር አሸዋ ውስጥ ቀበርሁ። ስለ ሕጉ አላሰብሁም አልልም፣ አስቤያለሁ። ግን ሕጉ ለጎረቤት ሰሃን እንጂ ለገዛ ወንድም ጣሳ የሚሠራ አልመሰለኝም። ሆዮ «ይሄ ሰነፍ፣ በዚህ ዙር ምንም አልላከልንም» ብላ የምታልፈው ነበር የመሰለኝ።

ስትመጣ ጣሳውን ሰጠኋት። «ጋሽ ገብረወልድ ነው ያመጣው» አልኩ። ቁጭ ብላ ከፈተችው። ውስጡን አየች፤ እጇን አስገባች፤ ገልብጣ መታችው። ቀና ብላ አየችኝ፣ ግን እኔን የምታይ አይመስልም። «እሺ ሆዮ» አለች። ጣሳውን ከድና ከአልጋው ሥር ገፋችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አለች። አብስላ ታቀርብልኛለች፣ ራሴን ታበጥርልኛለች፣ አትናገርም። ያወቀችብኝ መሰለኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔም ዝም አልኩ። ልጅ ነበርሁና እሷ ዝም ያለችው ሌላ ዝምታ መሆኑ አልገባኝም። ልቅሶ ብትቀመጥ ቀበሌው «ማን ሞተ? የት ሞተ?» ይላታል። ፍየል ጠባቂ ነው ላለችው ልጅ መርዶ ከጅቡቲ እንዴት ይምጣለት? ስለዚህ ሽንኩርት ስትልጥ ታለቅሳለች፤ ሽንኩርቱ ካለቀ በኋላም ትልጣለች።

በዘጠነኛው ቀን ያጠራቀመችውን ስኳር ሁሉ አወጣች። እንደዚያ ቀን ያለ ትልቅ ትሪ ሞልታ አታውቅም። ሎሚውን ጨመቀች፣ ሄሉን ነሰነሰች፣ ጠብታውን ግን አልነከሰችም፤ ብርጭቆው ውስጥ ትታው ተነሳች። ቆረጠች። ከዚያ በሩን ከፍታ የሰፈሩን ልጆች ጠራች። እየመጡ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ለእያንዳንዳቸው ቀጥ ያለ ሙሉ ቁራጭ ሰጠች። ስትሰጥ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔም ተሰለፍሁ። ተራዬ ሲደርስ ከሁሉም ትልቁን መርጣ ሰጠችኝ።

«እንቺ ሆዮ። ዛሬ ጠርዝ የለም።»

በሁለት እጄ ይዤ ከጫፉ ነከስሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ነው። አፌ ውስጥ እያለ «ለምንድን ነው ለሁሉም የሰጠሽው?» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ላይ «ሰደቃ ነው» አለችኝ። «ለወንድምሽ ነፍስ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ማኘኬን አቆምሁ።

«ገዲ አልሞተም» አልኩ።

«ዝም በይ ሆዮ።»

«አልሞተም! ጣሳው ባዶ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የበላሁት!»

አላመነችኝም። ልታጽናናት የተነሳች ልጅ የፈጠረችው ወሬ መስሏት ራሴን ዳበሰችኝ። መዳበሷ ከጥፊ የባሰ አመመኝ። እጇን ይዤ ጎተትኋት። ነጠላ ጫማዋ አንዱ በር ላይ ቀረ። ደቻቱ ወርደን ግራሩ ሥር ተንበርክኬ በእጄ ቆፈርሁ። አሸዋው ይተኩሳል። የመጀመሪያዋ አረንጓዴ ወረቀት ስትወጣ ሆዮ አጠገቤ ወደቀች፤ እሷም ትቆፍር ጀመር። አምስት አገኘን። ወርቃማዋን በሻሿ ጠርጋ አፍንጫዋ ላይ ያዘቻት።

«ስንት ነበሩ?»

«ሰባት።»

«ሰባቱንም በላሽ?»

«አዎ።»

በጥፊ አለችኝ፣ አንዴ ብቻ። ወዲያው አንገቴን አቅፋ፣ ያን ዘጠኝ ቀን የታፈነውን ለቅሶ እዚያ አሸዋ ላይ ለቀቀችው። እያለቀሰች ትስቃለች። «ሰባት!» ትላለች። «ሰባት ዓመትሽን ቆጥሮ ነው እኮ! ያንቺው ነበሩ፣ አንቺ ሌባ! የራስሽን ሰረቅሽ!»

ወደ ግቢ ስንመለስ ጋሽ ገብረወልድ የሥራ ኮፍያውን እንዳደረገ ቆሞ ይጠብቃል። ከአዲስ አበባ ተመልሷል፤ ባቡሩ ወደ ጅቡቲ ሊነሳ ነው።

«የት ሄዳችሁ? ጣሳውን አምጪ እንጂ ዳሃቦ፣ ትቶኝ ሊሄድ ነው!»

ትሪው ላይ ዘይት እንጂ ሌላ አልነበረም። ከረሜላው በሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሆድ ውስጥ ነው፤ ሰደቃ ደግሞ ከተሰጠ ተመልሶ አይጠየቅም። ሆዮ ጣሳውን ከአልጋው ሥር አውጥታ ዙሪያዋን አየች። ጣሳው ባይሄድ፣ ወይም ባዶውን ቢሄድ፣ ገዲ ምን እንደሚል ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሕጉን ያስተማረችው እሷ ናት። ሎሚ ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ የእኔን ቁራጭ ሰጠኋት። እስከዚያ ድረስ በእጄ ነበር፤ አሸዋ ነክቶታል።

«የተነከሰ ለሰው አይሰጥም» አለች። ከዚያ ንክሻውን አየችው። ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ ስለሌሉ መሐሉ ላይ ጉብ ብሎ የቀረ አለ። አሸዋውን አራገፈች፣ ሳመችው፣ ጣሳው ውስጥ ብቻውን አስቀምጣ ከደነችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት አልሄድ አለን። ጋሽ ገብረወልድ ሲመለስ ጣሳውን በቀጥታ ለሆዮ ሰጠ። «ይቺ አይጥ አጠገብ አላስቀምጥም» አለ እኔን እያየ። ሆዮ ከፈተችው። ከሥር ቴምር ነበር። ከላይ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ የእኔው ቁራጭ፣ ግማሹ። በእኔ ንክሻ በኩል አልነካውም። በወዲያኛው ጫፍ ግን የአዋቂ ጥርስ፣ ምንም ያልጎደለው ጥርስ፣ ግምጥ አድርጎታል።

ሆዮ አገላብጣ አየችው። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም። «ጨርሺው» አለችኝ። ጨረስሁት። ሙሉ ከረሜላ የበላሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያንን የሚተካ አላገኘሁም፣ አልፈለግሁምም።

ጣሳው ሁለት ዓመት ተመላለሰ። በመጨረሻ ሲመጣ ለሆዮ ሻሽ፣ ለእኔ እርሳስ ይዞ መጣ። ሃዎ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፍታ ለጋሽ ገብረወልድ «ልጁ መርከብ ላይ ሥራ አግኝቶ ሄደ» አለችው። ወዴት እንደሆነ እሷም አታውቅም። ደርግ ሲወድቅ የሸሸው ሁሉ ተመለሰ፤ ለገሃሬ ጣቢያ ባቡር በገባ ቁጥር ሆዮና እኔ ከበሩ ቆመን የወረደውን ሁሉ ፊት ፊቱን አየን። የሌሎች ልጆች ወረዱ። ጋሽ ገብረወልድ ጡረታ ወጣ። ያ አሮጌ ባቡርም ቆመ።

ሆዮ ከዚያ ሰደቃ ወዲህ አንድም ቀን ሞቷል ብላ አታውቅም። «ጣሳው እኛ ጋ ነው» ትላለች፤ «እሱ ሞልቶ ነው የላከው። ተራው የእኛ ነው።» ልትሞት ስትል ያለችኝም ይህንኑ ነው፤ ባዶውን እንዳታስቀምጪው።

አላስቀመጥሁትም። በየዓመቱ ለዒድ የአምናውን አውጥቼ ለሰፈር ልጆች እሰጥና አዲስ እሠራለሁ። ሎሚው በእሷ መጠን፣ ሄሉ በእሷ መጠን። ጠርዙንም ሙሉውንም ለልጆቹ እኩል ነው የምሰጠው፤ እዚህ ላይ አሻሽያለሁ። ላሟ ከጣሳው ላይ ለቃ ነጭ ቆርቆሮ ሆናለች። የሚወስደው ሰው ግን አላገኘሁለትም።

ከረሜላ አልበላም ስል ታዲያ ትንሽ እዋሻለሁ። ከላይ የማስቀምጣትን አንዷን ቁራጭ ነክሼ ነው የምከድነው፣ ከማን እንደሆነ እንዲያውቅ። ችግሩ፣ ጥርሶቼ ከበቀሉ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ንክሻው መሐል ጉብታ የለውም። ወንድሜ የሚያውቀው የዚያችን የጥርሰ ወላቃዋን ንክሻ ነው፤ የአሁኑን አይቶት አያውቅም።